«ቀልድ» በሚለው ቃል ላይ ስለ ተከመረው ሸክም

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በኩል፣ ጎተራ ተብሎ የሚጠራው ሥፍራ ለቃላት አጥኚ ዕድሜያቸው የተራራቀ ሁለት ስሞችን ጎን ለጎን ያቀርባል። አንደኛው ራሱ «ጎተራ» ነው፤ ገበሬው እህሉን የሚያከማችበት ዕቃ ስም ሲሆን የከተማ ሰፈር መጠሪያ ለመሆን በቅቷል። ሁለተኛው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተደራራቢው የመኪና መንገድ በተሠራ ጊዜ የገነነው «ማሳለጫ» ነው። ከቆረጠ መቁረጫ፣ ከለወጠ መለወጫ በሚወጣበት ደንብ፣ አሳለጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ በአወጣጡ ላይ የምንሰነዝረው ነቀፋ የለንም። ነገር ግን ስሙ ተስፋ ተሸክሟል። መኪናው ሁሉ ተፋጥጦ በቆመበት ሰዓት «ማሳለጫው አላሳለጠም» ለማለት ጨዋታ አዋቂ መሆን አያሻም፤ ቀልዱን ስሙ ራሱ አዘጋጅቶ አስቀምጦታል። «ቀለበት መንገድ» ግን ቅርጹን ብቻ ስለሚናገር፣ ቃል የገባውም ነገር ስለሌለ፣ ማንም ሊይዘው አይችልም። አዲስ ስያሜ የሚያወጣ ሰው የግሡን አሉታ አስቀድሞ ጮክ ብሎ ቢሞክረው መልካም ነው እንላለን።

ከዚህች ትንሽ ምሳሌ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሣቅን የሚመለከቱ የአማርኛ ቃላት በትርጉም ሥራና በመዝገበ ቃላት አዘገጃጀት የሚያገኙት አያያዝ ብዙ የሚጎድለው ሆኖ አግኝተነዋል። እንግሊዝኛው ሂዩመር ቢል «ቀልድ»፣ ጆክ ቢል «ቀልድ»፣ ሳታየር ቢል «ቀልድ አዘል ጽሑፍ»፣ ኮሜዲ ቢል «አስቂኝ ቀልድ» እየተባለ ይተረጎማል። («አስቂኝ ቀልድ» የሚለው ሐረግ፣ የማያስቅ ቀልድም በብዛት መኖሩን ከመመስከር በቀር፣ ምን እንደሚጨምር አይታየንም።) ስለ ድርሰት አጻጻፍ የሚመክሩ ጽሑፎችም ይህንኑ ፈለግ ተከትለው «በጽሑፍ ላይ ቀልድ መጨመር» የሚል አነጋገር አስለምደዋል። ችግሩ የቃላት ጥጋብ እያለን በአንድ ቃል መራባችን ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ሲሳሳት ሥራውም አብሮ ይሳሳታል።

ግሦቹን ብቻ ከነአገባባቸው ብናስተያይ ነገሩ ይገለጣል። ቀለደ የሚለው ብቻውን ሲቆም ማንንም አይነካም። «በት» የምትለው ምእላድ ስትታከልበት ግን፣ ፈረደለት እና ፈረደበት በሚለያዩበት መንገድ፣ አንድ ሰው ይጎዳል፦ ይቀልድበታል፣ ያፌዝበታል፣ ያሾፍበታል፣ ይሳለቅበታል። ይተርበዋል፣ ያሽሟጥጠዋል ስንል ደግሞ ተጎጂው፣ እንደ ይመታዋልና እንደ ይወጋዋል፣ ቀጥተኛ ተሳቢ ሆኖ ይመጣል። ያጫውተዋል፣ ያስቀዋል በምንልበት ጊዜ ተሳቢው እዚያው ቦታ ላይ ቢቀመጥም ተጎጂ መሆኑ ቀርቶ ተጋባዥ ይሆናል። ሰዋስዉ የሣቁን እንግዳና የሣቁን ሰለባ ለይቶ የሚያውቅ ሲሆን፣ መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም «ቀልድ መቀለድ» ብሎ መፍታቱ ለተርጓሚው ዓይን መሸፈኛ መስጠት ነው። አሽሙርን እንውሰድ። አሽሙር እንዲሆን የተነገረለት ሰው በአቅራቢያው መኖር፣ ንግግሩም ለሌላ ሰው የተነገረ መምሰል አለበት፤ ሰውዬው ከሌለበት ሐሜት እንጂ አሽሙር አይደለም። ተረብ ደግሞ መልስ ይጠብቃል፤ ተራቢውና ተተራቢው በየተራው ቦታ ይለዋወጣሉ። ምጸት ከቃሉ ይልቅ በድምፁና በገጹ ያድራል። እነዚህ ሁኔታዎች በፍቺ ውስጥ ካልገቡ ፍቺው አልተሟላም።

ለዛ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ቀልድ ይቆጠራል፤ አንድ ቀልድ፣ ሁለት ቀልድ ይባላል። ለዛ አይቆጠርም። ሰው ቀልድ ይነግራል፤ ለዛን ግን የሚነግር የለም፤ አነጋገሩ ለዛ አለው፣ ወይም ሰውዬው ለዛ ቢስ ነው። ስለዚህ «ቀልድ መጨመር» የሚለው ምክር ጸሐፊውን ያላለቀ ጽሑፉን ጨርሶ፣ ከወረደ ወጥ ላይ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው፣ በየገጹ ቀልድ እንዲበትን ያደርገዋል። በሕግ አንቀጽና በመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ ውስጥ ቀልድ ቦታ እንደሌለው ማንም ያውቃል። ነገር ግን ለዛ ያለው የሳይንስ መማሪያ፣ ለዛ ያለው የታሪክ መጽሐፍ፣ ለዛ ያለው የጋዜጣ ዓምድ ሊኖር ይችላል፤ አንድም ቀልድ ሳይኖርበት። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዳቸው ያደርጉት የነበረውን ማስታወስ ይበቃል። አንባቢው ተጨንቆና ተጠቦ የጻፈውን ጥያቄ እርሳቸው ገጻቸውን ሳያፈግጉ በአጭሩ ይመልሱታል፤ ሣቁ ከጥያቄው ርዝመትና ከመልሱ እጥረት መካከል ይወለዳል እንጂ ከውጭ የመጣ ቀልድ የለበትም።

የቃል ምርጫ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለማየት ከተፈለገ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሞልዬር የተረጎመውን «የፌዝ ዶክተር» መመልከት ያሻል። ሞልዬር በ1666 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ያቀረበው ይህ ተውኔት የፈረንሳይኛ ርእሱ «ሳይወድ በግዱ ሐኪም የሆነ ሰው» እንደ ማለት ነው። እንጨት ቆራጩ የደበደባት ሚስቱ ልትበቀለው ፈልጋ፣ ካልተመታ ሐኪምነቱን የማያምን ታላቅ ሐኪም ነው ብላ ታስወራበታለች፤ እርሱም በዱላ ሐኪም ይሆናል። የአማርኛው ርእስ ዱላውን ትቶታል። ይህ ኪሳራ ነው፤ ሆኖም ትርፉን እንቁጠር። «የፌዝ ዶክተር» በአንድ ወገን የሐሰት፣ የማስመሰል ሐኪም ማለት ነው። በሌላው ወገን ግን «የሕግ ዶክተር»፣ «የፍልስፍና ዶክተር» በሚባልበት አገባብ፣ በፌዝ ትምህርት የተመረቀ ሊቅ ማለትም ይሆናል። «ሐኪም» ቢባል ኖሮ ይህ ሁለተኛው ንባብ በጠፋ ነበር፤ «ዶክተር» የማዕርግ ስም በመሆኑ ነው የተገኘው። «የቀልድ ዶክተር» ቢባልስ? ልጆች በጓሮ የሚጫወቱትን የሐኪምና የበሽተኛ ጨዋታ በመሰለ ነበር። ፌዝ የምትለው ቃል ውስጥ ያለችው ንቀት የሞልዬርን ዓላማ፣ ማለት በዘመኑ በነበሩት ሐኪሞች ላይ መሳለቁን፣ በአንዲት ቃል ትሸከማለች። እንግሊዛዊው ፊልዲንግ በ1732 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ተውኔት ወደ ቋንቋው ሲመልስ ግዳጁን ከርእሱ አውጥቶ አስመሳይነቱን ከፊት ማስቀደሙ ደግሞ የጸጋዬን መንገድ ባይተዋር አያደርገውም። በእኛ አስተያየት ርእሱ የተተረጎመ ሳይሆን የተገኘ ነው።

ስያሜ ከርእስ ጌጥነት ያለፈ ነገር እንዳለው የሚያስረዳው ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ታሪክ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጻፉትን «ፋቡላ» የአውሬዎች ኮሜዲያ ብለው ሰየሙት። የላፎንቴንን ዓይነት የእንስሳት ተረት መሠረት አድርገው የዘመኑን አስተዳደር ጉድለት አሳዩበት። ኮሜዲያ የሚለው ባዕድ ቃል ለጊዜው ተመልካች ምንም የማይነግር፣ ምንም የማይከስስ ስም ነበር። ሆኖም ስሙ አልሸሸጋቸውም፤ ተመልካቹ አውሬውን ከሰው ጋር አገጣጥሞ ተረዳው፣ ተውኔት ማሳየትም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ቤተ መንግሥቱ ያየው አስቂኝ ነገር ሳይሆን ስላቅ ነበር ማለት ነው። ዛሬ «ኮሜዲ» የሚለውን ቃል «አስቂኝ ተውኔት» ብሎ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ተመልካቹ ምን እንደሚሆን ይነግረናል፤ ጸሐፊው በማን ላይ ምን እንዳደረገ ግን አይነግረንም። የሚያሳግደው ደግሞ ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ጽሕፈቱ እንመለስ። በአቋቋም ሊቅነታቸውም በጨዋታቸውም ለታወቁት ለአለቃ ገብረ ሐና ከሚነገሩት ብዙ ጨዋታዎች አንዱ የሚከተለው ነው። በተጋበዙበት ቤት አይጥ ከመሶቡ ስትወጣ ያያሉ፤ ባለቤቲቱ ብሉልኝ እያለች ብትለምናቸው «እንጀራሽ አይጠገብ፣ ወጥሽ አይጠገብ» ብለው አመሰገኗት ይባላል። ሰሙ ምስጋና ነው፤ ወርቁ «አይጥ ገብ» ነው። በአፍ ሲነገር ፈጠን ያለ አነጋገር ሁለቱን ያቀራርባቸዋል። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ፊደላችን «ጠ»ን ወይም «ጥ»ን እንድንመርጥ ያስገድደናል፤ ግእዙን ብንጽፍ ወርቁ ይቀበራል፣ ሳድሱን ብንጽፍ ሰሙ ይቀልጣል። በመጽሐፍ ሲታተም ማብራሪያ የሚከተለው ስለዚህ ነው፤ ማብራሪያውም ሣቁን ያደርቀዋል።

ተቃራኒውም አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ «ገና»፣ «ዋና»፣ «ሽፍታ» የሚሉት ቃላት በገጽ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይኖራሉ፤ በአፍ የተነበቡ ዕለት ግን አንባቢው አንዱን መግደል ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ የጆሮ ጨዋታና የዓይን ጨዋታ የተለያዩ ናቸው፤ አንደኛው በጽሕፈት፣ ሁለተኛው በንባብ ይሞታል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርክ ሣቁ ያልጎደለው፣ እንዲያውም የበረከተው፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ጨዋታ በአብዛኛው ከሁለቱም ወገን ባለመሆኑ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የሚያስቁን የጦርነትና የዘር ክብር ታላላቅ ቃላት በትንሽ ጉዳይ ላይ ሲወርዱ ነው፤ ይህ ደግሞ በፊደልም በድምፅም ይሻገራል፤ ተርጓሚው የቃላቱን ማዕርግ ከጠበቀ ወደ ሌላ ቋንቋም ይሻገራል።

በጎተራ መንገድ የሚመላለሱት ታክሲዎች ውስጥ የሚለጠፉትን ጥቅሶች ያየ ሰው ይኸው የማዕርግ መፋለስ እዚያም እንዳለ ያስተውላል። በምሳሌያዊ አነጋገር ወይም በቅዱስ ቃል ቅርጽ የተጀመረው ዐረፍተ ነገር ስለ ዝርዝር ፍራንክ ወይም ስለ በር አዘጋግ ሆኖ ያልቃል። አጥኚዎቻችን ይህን ጽሑፍ እንደ መንገድ ዳር ነገር ማየታቸው ያስገርመናል። የአማርኛ ጽሑፍ ተሳፋሪውን፣ ማለት መጽሐፍ ያልገዛውን አንባቢ፣ ሳይለምነው የሚያስነብብበት ሌላ ሥፍራ ብዙ የለም።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናቀርበው አሳብ እንደሚከተለው ነው። በእያንዳንዱ የሣቅ ቃል ሥር ግሡ «በት»ን የሚሻ መሆኑ፣ ተጎጂው መገኘት ያለበት መሆኑ፣ መልስ የሚጠበቅ መሆኑና ቃሉ የሚነገርበት ማዕርግ ይጻፍ። ለምሳሌ ያህል፦ «አሽሙር፦ በአጠገብ ላለ ሰው እንዲሰማ፣ ለሌላ ሰው የተነገረ በማስመሰል የሚሰነዘር ነቀፋ።» ስለ ስያሜ ደግሞ ለሳታየር ስላቅ፣ ለአይረኒ ምጸት፣ ለጆክ ቀልድ ቢጸና፣ ኮሜዲም ከተክለ ሐዋርያት ዘመን ጀምሮ የቆየ ስለ ሆነ በነበረበት ቢቀር እንወዳለን። ለሂዩመር «ለዛ»ን እንመርጣለን። ለዛ የማያስቅ ንግግርም ሊኖረው ይችላል ተብሎ ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ቃሉ ከሚያስቀው ወገን ሰፍቶ ቢገኝ የሚቀረው ጉዳት፣ «ቀልድ» ጠብቦ በመገኘቱ እስከ ዛሬ ከደረሰው ያነሰ ነው።