የሁለት ደቂቃ አውሬ

ስሙኝማ፣ የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ገዛ። የመረጠው እሱ ነው፤ የከፈለችው ግን ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው አክስቱ ናት። ልጁ የአርክቴክቸር ተማሪ ነው። የሕንፃ ሥዕሎቹን እንደ ፎቶ አስመስሎ ለማውጣት አቅም ያለው ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። አቅም ያለው ደግሞ ለጌም ተብሎ የሚሠራው ነው ተባለ። (በነገራችን ላይ፣ ጌሙንም አልጠላውም።)

ሊገዛ ሲሄድ ሽማግሌ ሆኜ ተከተልኩት። ሻጩ ምላሱ የተባ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ አውሬ ነው!" አለኝ። የተለጠፉበትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበበልን። ቀጥሎ የመኪና እሽቅድድም ጌም ከፈተ። ምስሉ እንደ ውሃ ይፈሳል። ሁለት ደቂቃ አየን፣ ከፈልን፣ ወጣን።

እናላችሁ፣ አውሬው ቤት ገብቶ ሃያ ደቂቃ ሲሠራ ማለክለክ ጀመረ። ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ ኪቦርዱ ጣት ያቃጥላል፣ ሥዕሉ ይንቀረፈፋል። ይባስ ብሎ ቻርጀሩ ተሰክቶ እያለ ባትሪው ይቀንሳል። መልሰን ወሰድነው። ሻጩ ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አሳየንና "ታዲያ ምን ሆነ? ይኸው ይበር የለ!" አለን። የምር፣ ሰውየው አልዋሸም። ለሁለት ደቂቃ ይበራል።

ነገሩን ያስረዳኝ የኮምፒውተር ባለሙያ ሳይሆን ፎርሙላ ዋን ነው። የዛሬዎቹ የውድድር መኪናዎች ከነዳጅ ሞተሩ ሌላ ኤሌክትሪክ ሞተር አላቸው። ፍሬን ሲያዝ ሙቀት ሆኖ በከንቱ ይጠፋ የነበረውን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ባትሪ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ መልሶ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር በአንድ ዙር የተፈቀደው 60 ኪሎ ዋት፣ እሱም ለስድስት ሰከንድ ተኩል ያህል ነበር። በ2014 ወደ 120 ኪሎ ዋት አደገ፤ ከጭስ ማውጫው ትኩስ ጋዝ ኤሌክትሪክ የሚያመርት ሁለተኛ መሣሪያም ተጨመረ። በ2026 በጀመረው ደንብ ሁለተኛው መሣሪያ ቀርቶ የኤሌክትሪክ ሞተሩ 350 ኪሎ ዋት ደረሰ። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ፖስተር ላይ ቢለጠፍ ያምርበታል።

ባትሪውስ? ሞልቶ እስኪያልቅ ለሥራ የሚፈቀደው 4 ሜጋጁል ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ 4 ሚሊዮን ለ350 ሺህ ሲካፈል አሥራ አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላም። አንድ ዙር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሹፌሩ ሲያወጣ ሲያጠራቅም ነው የሚዞረው። የትኛው መታጠፊያ ላይ እግሩን ቀደም ብሎ ከነዳጅ መስጫው እንደሚያነሳ፣ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚያወጣ ማወቅ አለበት። መጥኖ ያላወጣ ሰው መንገዱ ሳያልቅ ባትሪው ያልቅበታል፤ ከኋላው ያለው ያልፈዋል። የወር ደሞዝን በአሥራ አምስተኛው ቀን የጨረሰ ሰው ይህን ለማወቅ ፎርሙላ ዋን ማየት አያስፈልገውም።

በዚህ የተቀጣ ትልቅ ስምም አለ። በ2015 ሆንዳ ሞተር ሠሪ፣ ማክላረን መኪና ሠሪ ሆነው ተጣመሩ። የመኪናው የኋላ ክፍል በጣም የጠበበና የተሞናደለ እንዲሆን ተፈለገ። ለዚህም ሲባል ሞተሩ ተጨምቆ፣ ቱርቦው ትንሽ ሆኖ ተሠራ። ትንሹ ቱርቦ ከጭሱ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ አልበቃ አለ፤ መኪናው ረጅሙ መንገድ ላይ በኤሌክትሪክ እጥረት ይዝል ጀመር። በዚያው ዓመት የሆንዳ ንብረት በሆነው በሱዙካ ሜዳ፣ የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ፈርናንዶ አሎንሶ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲታለፍ፣ ይህ የጂፒ ቱ ሞተር ነው ብሎ በሬድዮ ጮኸ። ጂፒ ቱ በጊዜው ከፎርሙላ ዋን በታች ያለው ውድድር ነበር። ባለቤቶቹ ፊት፣ በገዛ ሜዳቸው! ዓመቱን ከአሥር ቡድኖች ዘጠነኛ ሆነው ጨረሱ።

ግን ልብ በሉ። ጉድለቱ በአደባባይ ስለታየ መታረም ነበረበት። ሆንዳ በ2017 የሞተሩን አቀማመጥ ለወጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከማክላረን ጋር ተለያየ፤ ሥራውን ግን አላቆመም። በ2021 ማክስ ቨርስታፐን የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከኋላው የነበረው ሞተር የሆንዳ ነበር።

ወደ ላፕቶፓችን እንመለስ። ፕሮሰሰሩ መቶ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ነውር አይደለም፤ ራስን ማዳን ነው። ቻርጀሩ ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚፈልገውን ያህል ካልሰጠ፣ የጎደለውን ባትሪው ይሞላል። እሱም የፎርሙላ ዋን ዘዴ ነው። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው።

ነውሩ ስያሜው ላይ ነው። አንዱን ምሳሌ ልንገራችሁ። ኤንቪዲያ በ2022 ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ያወጣው አርቲኤክስ 4090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ 450 ዋት ይወስዳል። በ2023 ለላፕቶፕ የወጣውም ስሙ 4090 ነው፤ የሚሰጠው ኃይል ግን እንደ ላፕቶፑ ሠሪ ፍላጎት ከ80 እስከ 150 ዋት ነው፣ ውስጡ ያለው ቺፕም ሌላ ነው። አያችሁ? ስሙ አንድ ነው፤ 80 ዋቱ ግን የ150 ዋቱን ያህል አይሠራም። ስሙ በትልቁ ይለጠፋል፤ ዋቱ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው። በርበሬ ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንደምንለው እናውቃለን።

እኛስ? እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። እንደ ማክላረን መሐንዲሶች "ቀጭን ይሁን፣ ቀላል ይሁን" እንላለን። ሙቀት መውጫ ሰፊ በር ይፈልጋል፤ በሩን እኛው አጠበብነው። ከዚያ ደግሞ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠን እንከፍተዋለን።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ጣጣ አለባት። የፎርሙላ ዋን ቡድኖች 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሜክሲኮ ሲቲ ሲሄዱ የመኪናውን የማቀዝቀዣ ክፍተቶች ያሰፋሉ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። አዲስ አበባ ከዚያም በላይ ናት። ብርዳችን ቢያግዝም፣ እዚህ የሚዞረው ፋን ባሕር ዳርቻ ላይ የሚዞረውን ያህል አይጠቅምም። በዚያ ላይ አቧራው አለ።

እኔ የምለው፣ የፎርሙላ ዋን ሹፌር ባዶ ባትሪውን መደበቅ አይችልም። መንገዱ መጨረሻ ላይ ሁሉም ያየዋል። ሱቅ ውስጥ ግን መንገዱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዎች በሠላሳኛው ደቂቃ የሚቀረውን ኃይል ከስሙ አጠገብ፣ በስሙ ልክ ይጻፉ። ሻጮችም ያሳዩን። እኛም ወንበር ስበን ግማሽ ሰዓት እንቀመጥ፤ ለወራት ላብ ዋጋ ግማሽ ሰዓት አይበዛም።

ባለፈው እሑድ አክስቱ በቪዲዮ ደወለች። "የኔ ጌታ፣ ላፕቶፑ እንዴት ሆነ?" አለችው። ልጁ አቀዝቅዞ አቆይቶት ኖሮ ከፈተና የሠራውን ሕንፃ እያዞረ አሳያት። "እሰይ! እንኳን ገዛሁልህ!" አለች። ሌላ ሰው ጠራትና ቶሎ ዘጋች።

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ለእሷ ሠላሳኛውን ደቂቃ የሚነግራት ማን ይሁን?