ረድፍ በረድፍ፦ የመሬት መዝገብን በከርሰር የማረም ልማድ

በፓይተን ኮድ የመሬት ይዞታ ሠንጠረዥ አርማችሁ የምታውቁ ከሆነ ከርሰር አዲስ ነገር አይሆንባችሁም። አሥር መስመር ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ታስኬዱታላችሁ፣ ሁለት ሺህ መዝገብ ሻይ ሳትጨርሱ ይስተካከላል። ደስ ይላል፣ አይካድም።

ከከርሰር ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአንድ ልማድ ጋር ነው። ከርሰር የሚያነብበትንና ከርሰር የሚያርምበትን ሥራ እኩል አድርገን እናስተምራለን፤ እኩል አድርገንም እንጠቀማለን። ሲነበብ የተሳተ ነገር ተመልሶ ሊነበብ ይችላል። ሲታረም የተሳተ ግን የቀድሞውን ይዞ ይጠፋል። ሠንጠረዡ የገበሬ መሬት ሲሆን ደግሞ የሚጠፋው ቁጥር ብቻ አይደለም።

ከርሰር ምን ይሠራል?

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ገበታ ላይ ሲቆጥር አስቡት። በእጁ ስንጥር ይዟል። ስንጥሩ ከ«ሀ» ወደ «ሁ»፣ ከ«ሁ» ወደ «ሂ» ይሄዳል። ልጁ በአንድ ጊዜ የሚያየው ስንጥሩ ያረፈበትን ፊደል ነው። ከርሰርም እንዲሁ ነው፤ በሠንጠረዥ ላይ ረድፍ በረድፍ የሚሄድ ጠቋሚ።

ለምን አስፈለገ? ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 በአይቢኤም ሳለ ያቀረበው የሪሌሽናል ሞዴል መረጃን እንደ ስብስብ ነው የሚያየው። «መጠናቸው ከሩብ ሄክታር በታች የሆኑትን ሁሉ አምጣ» ትላላችሁ፣ ስብስቡ በአንድ ጊዜ ይመጣል። እንደ ኮቦልና ሲ ያሉ ቋንቋዎች ግን አንድ በአንድ ነው የሚሠሩት። በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆኖ የገባው ከርሰር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የኤስኪውኤል ደረጃ ውስጥም ተካቷል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን በአርክጂአይኤስ በኩል የመጣውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 10.1 ዕትም ጀምሮ የአርክፓይ ዳታ አክሰስ ክፍል ሦስት ከርሰሮች አሉት። ሰርች ያነባል፣ አፕዴት ያርማል ወይም ይሰርዛል፣ ኢንሰርት አዲስ ረድፍ ይጨምራል። የሦስቱም አጻጻፍ በጣም ይመሳሰላል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ የማንበቢያውና የማረሚያው ኮድ በመልክ መንትያ ስለሆኑ አደጋቸውም እኩል ይመስለናል።

ሠንጠረዡ የማን ነው?

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጠው። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነ የሁለቱም ስምና ፎቶ በደብተሩ ላይ ይሰፍራል። በኋላም እያንዳንዱን ማሳ በካርታ የሚያሳየው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ መጣ፤ ከእሱም ጋር ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ተዘረጋ።

አሁን ወደ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር እንሂድ፤ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ። ከጉና ተራራ ደጋ ተነስቶ ወደ ቆላው የሚወርድ አገር ነው። አንድ አባወራ ደጋው ላይ ገብስ፣ ወረድ ብሎ ጤፍ የሚዘራበት ቁራሽ ማሳ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አንድ ረድፍ አይደለም፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ረድፍ ሊሆን ይችላል። ወረዳዎቹም ባሉበት አልቆዩም። የቀድሞው ጋይንት ላይና ታች ተብሏል፣ እስቴም ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፍሏል። ወረዳ በተከፈለ ቁጥር የሺዎች ረድፍ ኮድ መቀየር አለበት። እንግዲህ የአፕዴት ከርሰር ፈተና የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ እኔ ያዘጋጀሁት ነው፤ የየትኛውም ቢሮ ታሪክ አይደለም። ውስጡ ያሉት ወጥመዶች ግን እውነተኛ ናቸው።

መሃል መንገድ ላይ የቆመ ኮድ

ከአንድ ቀበሌ የተሰበሰበ 2,000 ረድፍ አለን እንበል። ስፋቱ በጥማድ ተመዝግቧል። ጥማድ እንደየአገሩ ቢለያይም በግምት የሄክታር ሩብ ተደርጎ ይሰላል። ሥራው ሁለት ነው፤ ስፋቱን በ0.25 አባዝቶ ወደ ሄክታር መቀየር፣ የምዝገባ ቀኑን ደግሞ በጽሑፍ ከተቀመጠበት ዓምድ ወደ ቀን ዓምድ ማዛወር። አፕዴት ከርሰር ይከፈታል፣ ስንጥሩ ጉዞ ይጀምራል።

613ኛው ረድፍ ላይ የምዝገባው ቀን 30/02/1998 ይላል። ለእኛ ጥቅምት 30 ነው፣ ምንም ችግር የለበትም። ለኮምፒውተሩ ግን ፌብሩዋሪ 30 ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ኮዱ በቀይ ጽሑፍ ስህተት ያወጣና ይቆማል።

እስከዚያ ያለፉት 612 ረድፎችስ? በሼፕፋይል ላይ ወይም ያለ ኤዲት ሴሽን እየሠራችሁ ከሆነ ተቀይረዋል፣ ተጽፈዋል፣ አለቀ። የቀሩት 1,388 አልተነኩም። አንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ አሁን ሁለት መለኪያ አለ፤ የዓምዱ ስም ግን አንድ ነው።

የባሰው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። የቀኑ ችግር ይስተካከልና ኮዱ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። የመጀመሪያዎቹ 612 ረድፎች ሁለተኛ ጊዜ በ0.25 ይባዛሉ። 4 ጥማድ የነበረው በመጀመሪያው ዙር 1 ሄክታር ሆነ፣ በሁለተኛው ዙር 0.25 ሄክታር ሆነ። የአንድ ቤተሰብ መሬት ሦስት አራተኛው ወረቀት ላይ ተነነ። ቀይ ጽሑፍም አልወጣም፤ ኮዱ «በሰላም ተጠናቀቀ» ይላል።

«ታዲያ ከ613ኛው ልቀጥላ!» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ግን በዳታቤዝ ውስጥ ያለ ሠንጠረዥ ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል የለውም። በግልጽ ደርድር ካላላችሁት ዛሬ 613ኛ የሆነው ነገም 613ኛ ለመሆኑ ዋስትና የላችሁም። እንዲያውም በፖስትግሬስ የታረመ ረድፍ አዲስ ቅጂ ሆኖ ስለሚጻፍ ቦታው ሊለወጥ ይችላል። ፊደል ገበታው ላይ ያለው ልጅ «ሀ» ሁልጊዜ መጀመሪያ ናት ብሎ ይተማመናል፤ ከርሰር ያንን መተማመኛ የለውም።

የቀኑን ነገር ሳንለቅ ደግሞ አንድ ልጨምር። ኮዱን ያቆመው 30/02 እንዲያውም ወዳጃችን ነው፣ ጮኾ ነግሮናል። 05/01/1998 ግን ዝም ብሎ ያልፋል። እኛ መስከረም 5 ቀን 1998 ያልነው እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2005 ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጃንዋሪ 5 ቀን 1998 ብሎ ይመዘግበዋል። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ልዩነት ነው። «ማን ቀድሞ ያዘ?» የሚል ክርክር ሲነሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስም ቁልፍ አይደለም

ሁለተኛው ልማድ ረድፍን በስም መፈለግ ነው። «ስሙ ይህ የሆነውን አግኝና አርም።» ግን ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ እና ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። መዝጋቢው ሦስቱን ማሳ በሦስት ቀን፣ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ካስገባ ከርሰሩ አንዱን አርሞ ሁለቱን ይዘላል። በተቃራኒው በአንድ ቀበሌ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ካሉ ሁለቱንም ያርማል።

በዚህ ላይ ሼፕፋይል የራሱን ጣጣ ያመጣል። የሼፕፋይል የጽሑፍ ዓምድ ስፋቱ የሚለካው በባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለላቲን ስም ታስቦ 20 ባይት የተሰጠው ዓምድ ስድስት ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። «ወለተማርያም» ብላችሁ ብትጽፉ «ወለተማርያ» ላይ ይቆረጣል። የተቆረጠ ስም ደግሞ በፍለጋ አይገኝም።

ሦስተኛው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ፣ ዓምድን በተራ ቁጥር መጥራት ነው። በአርክፓይ ከርሰር ውስጥ የባል ስም ረድፍ ዜሮ፣ የሚስት ስም ረድፍ አንድ እየተባለ ሊጻፍ ይችላል። ሌላ ሰው መጥቶ የዓምዶቹን ዝርዝር ቅደም ተከተል ሲቀይር ኮዱ አይቃወምም፤ ስሞቹን አቀያይሮ ይጽፋል። ሁለቱም ጽሑፍ ስለሆኑ ምንም ስህተት አይታይም። በጋራ ይዞታ ላይ ስሟ በትክክል እንዲሰፍር ሕግ የጠበቀላት ሴት፣ መብቷ በአንዲት «1» ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት አለበት?

«ታዲያ ከርሰርን እንተወው?»

አይደለም። ከርሰርን ጨርሶ አትጠቀሙ የሚሉ የዳታቤዝ ሰዎች አሉ፤ ዋናው ምክንያታቸው ፍጥነት ነው። ለአንድ ቀበሌ ሠንጠረዥ ፍጥነት ዋና ጉዳይ አይመስለኝም፤ ሦስት ሰከንድም ሆነ ሦስት ደቂቃ ማንንም አይጎዳም። የማሳን ቅርጽ ነጥብ በነጥብ ለመመርመር፣ ድንበር የሚጋፉ ማሳዎችን አንድ በአንድ ለማየት፣ ማኅደረ ትውስታ የማይችለውን ትልቅ ሠንጠረዥ በቁራጭ ለማንበብ ከርሰር ጥሩ መሣሪያ ነው።

በስብስብ ማረምም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የመምረጫ ሁኔታው የተረሳበት አንድ የአፕዴት ትዕዛዝ ስማዳን በሙሉ በአንድ ሰከንድ እስቴ ሊያደርገው ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እንደ ፖስትግሬስ ባሉ ዳታቤዞች አንድ ትዕዛዝ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል ወይ ጨርሶ አይፈጸምም። ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ስህተቱ ትልቅ ቢሆን እንኳ አንድ ወጥ ነው፣ ስለዚህ ይታያል። የከርሰር ስህተት ግን ሠንጠረዡ ውስጥ ተበትኖ ይደበቃል።

ምን ይደረግ?

ከርሰርን ለማረም የግድ ካስፈለጋችሁ፣ እነዚህን አምስት ነገሮች አትለፉ።

1. መጀመሪያ በሰርች ከርሰር አንብቡ። የማይለወጡ ቀኖችን፣ ባዶ ዓምዶችን፣ የተደጋገሙ መለያዎችን አውጡ። ማረሙ የሚመጣው ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ነው።
2. በኤዲት ሴሽን ወይም በትራንዛክሽን ውስጥ ሥሩ። መሃል ላይ ከቆመ ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ።
3. በይዞታ መለያ ቁጥር ፈልጉ፣ በስም አትፈልጉ። ዓምዶችንም በስማቸው ጥሩ።
4. በነባሩ ዓምድ ላይ አትጻፉ። ጥማዱ ባለበት ይቆይ፣ ሄክታሩ አዲስ ዓምድ ይሰጠው። ያኔ ኮዱ አሥር ጊዜ ቢሄድ እንኳ መልሱ አንድ ነው።
5. ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደቀየረ የሚይዝ ሌላ ሠንጠረዥ ይኑር።

አምስተኛው እንግዳ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። ጋይንት የቤተልሔም የድጓ ትምህርት ቤት አገር ነው፤ ብራና የሚያውቅ አገር ነው። ብራና ላይ የተፋቀ ቃል ጠባሳው ይቀራል፣ ኋላ የመጣ አንባቢ እዚህ ጋ እጅ ገብቷል ብሎ ያውቃል። የእኛ ሠንጠረዥ ግን ተፍቆም ልሙጥ ነው። ጠባሳውን ሆን ብለን ካልሠራንለት በራሱ አይመጣም።

የምታስተምሩ ከሆናችሁ ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው። ሰርች ከርሰርን በመጀመሪያው ቀን አስተምሩ፤ አፕዴትን ግን ትራንዛክሽን ከተማሩ በኋላ አምጡት። የሁለቱ ኮድ የሚለያየው በአንድ ቃል ቢሆንም፣ አንደኛው ደብተሩን ያያል፣ ሌላው ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ደብተሩ የማን እንደሆነ ተማሪው ይህን ሲማር ይወቅ።