ለወር ሠላሳ ቃል

ሐይቅ ከተማ የገባ ካሜራ ሁሉ ወደ ውሃው ነው የሚዞረው። በየወሩ መባቻ ቃላት ተከፋፍሎ፣ በቀን ለአንድ ቃል አንድ ፎቶ የማንሳትን ጨዋታ የምወደው ዓይንን ከውሃው ስለሚያላቅቅ ነው።

«ጭስ» ሲባል አንዱ የቡናውን ዕጣን ያነሳል፣ ሌላው ከማድቤት ክዳን ሾልኮ የሚወጣውን፤ ብልጡ ደግሞ ማለዳ ሐይቁ ላይ የተኛውን ጉም «ጭስ ነው» ብሎ ይከራከራል። (ይለፍለት እላለሁ።) «በር» ሲመጣ ነገሩ ይጠነክራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም፤ ካሜራ የያዘች ልጅ በሩን ከውጭ ነው የምታነሳው። እንደ እኔ ከሆነ ከውስጥ ከተነሳው የእሷ ይበልጣል። «እጅ» የተባለ ቀን ማስፈቀድ ግድ ነው።

«እማማ፣ እጅዎን ላንሳ?»

«ቆይ ልታጠብ፣ ሊጥ ነው እኮ!»

እንዳይታጠቡ መለመን የፎቶው ግማሽ ሥራ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ዊኪ ላቭስ አፍሪካ» የተሰኘ የፎቶ ውድድርም በየዓመቱ ጭብጥ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ምግብ ነበር። ለወርኃዊው ጨዋታ ግን የእኛን አቆጣጠር የሚያህል የለም፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቃሉ አይጎድልም፣ አይተርፍም። ለጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቃል መጨመር ብቻ ነው።

ስልክ ይበቃል። አምባሰል ያላችሁ በ«ገደል» ጀምሩ።