የቅጠሉ ስም፣ የስሙ ፍቺ

ስለ አማርኛ ሥነ ቃል በተወሳ ቁጥር ተረቱ፣ ቀረርቶውና እንቆቅልሹ ይጠቀሳሉ። ሰፊው ሕዝብ ለዕፀዋት ያወጣቸው ስሞች ግን ከፈጠራ ሥራ የተቆጠሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። መዛግብተ ቃላት በብዙ ቦታ «የዛፍ ስም» ብለው ያልፋሉ። የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የዕፀዋት ስሞች መድበል (4ኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. 1987) የአገሩን ስም ከላቲኑ ጋር በማጋጠም ትልቅ ውለታ ቢውልም፣ ለምን እንዲህ ተባለ ለሚለው ጥያቄ የተሰናዳ አይደለም። ኤርሚያስ ሉለካልና ባልደረቦቹ ስለ አንኮበር ያሳተሙት ጥናት (እ.ኤ.አ. 2013) ለሰው ሕመም የሚውሉ 135 ዕፀዋትን መዝግቧል፤ ዓላማው ግን ፈውሱ እንጂ ቃሉ አልነበረም።

ቃሉ ምን ያህል እንደሚያውቅ ለመረዳት አንድ መርዛም ቅጠል ይበቃል። «አስተናግር» የተባለው የበላውን ሰው ስለሚያስቀባጥር ነው፤ ምልክቱም ማስጠንቀቂያውም በአንድ ግሥ ተጠቃሏል። ይኸው ተክል «ዕፀ ፋርስ»ም ይባላል። (ተክልን እንዲህ በወል ስም አስቀድሞ መጥራት የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም፤ በአየርላንድና በስኮትላንድ ጌይሊክም «ሉስ»፣ ማለትም ቅጠል፣ የብዙ ዕፀዋትን ስም ይቀድማል።) የዕፀዋት ሊቃውንት አስተናግርን የአሜሪካ ተወላጅ ሲሉት ስሙ ወደ ፋርስ ያመለክታል። በቆሎም ከዚያው ከአሜሪካ መጥቶ «የባሕር ማሽላ» ተብሏል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ዛሬ የደብረ ብርሃንን ዙሪያ የሸፈነው የአውስትራሊያው ዛፍም «ባሕር ዛፍ» ሆኗል። እንግዲህ ስም የሚመሰክረው ስለ ተክሉ መነሻ ሳይሆን ተቀባዩ ሕዝብ እንግዳውን እንዴት እንዳየው ነው። እንግሊዞችም «ወልነት» ሲሉ የባዕድ ለውዝ ማለታቸው ነበር።

በሌላ ወገን የሳይንሱ ስም ማንን እንደሚያወድስ መታየት አለበት። ኮሶ በላቲን «ሀጌኒያ» የተባለው በኮኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚ በነበረው በሀገን ስም ነው፤ ኑግም በፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ በጊዞ ስም «ጊዞቲያ» ተብሏል። ሁለቱ ሰዎች ኮሶ ጠጥተው ኑግ አልወቀጡም። ገበሬው ግን ዛፉንም፣ በሆድ ያለውን ትልም «ኮሶ» ብሎ በሽታውንና መድኃኒቱን በአንድ ቃል አስሯል። የላቲኑ ስም ለዓለም አቀፍ መግባቢያ አስፈላጊ መሆኑ አይካድም፤ ተማሪው እሱን ብቻ ሸምድዶ እንዲወጣ ማድረግ ግን የአባቱን ዕውቀት ማስረሳት ነው።

ይህ ሲባል ማንኛውም ፍቺ ተቀባይነት አለው ማለት አይደለም። «ጤፍ የተባለው ከእጅ ሲወድቅ ስለሚጠፋ ነው» የሚለው ለጆሮ የሚጥም አፈ ታሪክ በየመጽሔቱ ይደጋገማል። ነገር ግን የ«ጠፋ» ሥር በግእዝ «ጠፍአ» ነው፤ «ጤፍ» የሚለው ቅርጽ ከዚህ ሥር በተለመደው አረባብ አይወጣም። ባለቅኔዎች በዚህ ረገድ ከመምህራን የባሰ ጥፋተኞች ናቸው።

ከሁሉ አስቸኳይ የሆነው የመንዝ ጉዳይ ነው። «ጓሳ» የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ነዋሪው በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ለክዳንና ለግጦሽ በአንድነት ይከፍተው ነበር፤ ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ቆይቶም ጥብቅ ስፍራው በሌላ የማኅበረሰብ አደረጃጀት ቀጠለ። ሣሩ ባይጠበቅ ኖሮ ቃሉ የካርታ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። «የሴት ቀስት» የሚባለው እሾሃም ሐረግም አለ፤ ስሙ ሹፈት ይሁን አክብሮት የሚያውቁት ሴቶች ናቸውና እነሱን መጠየቅ ይገባል።