ስለ «ጦቢያ» መጽሐፍ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት፣ በኋላም «ጦቢያ» የተባለው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ምሥጢርን በፍቅር የሸፈነ ድርሰት ነው። ዋሕድ ለአባቱ የተዋለውን ውለታ ሊመልስ ወጥቶ በባርያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ፤ መንትያው ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር ፍለጋ ወጣች። ዛሬ የጅማ ከተማ በሆነው በሂርማታ ቀድሞ ሰው ይሸጥ ነበርና፣ ይህ ለቡና አገር አንባቢ ተረት አይደለም።

ልብሱ ሰም፣ ልጅቱ ወርቅ ናት። ሰሙ ቢቀልጥ አረመኔው ንጉሥ ወደዳት፤ ክርስቲያን ሆኖም አገባት። ነገር ግን ስለ ሚስት የሚያምንና ስለ እምነት የሚያምን በምን ይለያሉ? ደራሲው ሰርጉን አስቸኩለው ይህን ሳይፈቱ ተዉት። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ከንጉሡ ይልቅ ጦቢያን ይመልከት፤ እርስዋ ልብስዋን እንጂ ራስዋን አልለወጠችምና።