ስለ ግራፊንና ፖሊስታይሪን ጥናት አጭር ትችት

እነ ስታንኮቪች በ2006 (እ. ኤ. አ.) «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ የሚመሰገነው በአንድ ቁጥር ነው፤ ኤሌክትሪክ በማያሳልፈው ፖሊስታይሪን ውስጥ በይዘት ከመቶ 0.1 ያህል ግራፊን ሲገባ ኤሌክትሪክ መተላለፍ ይጀምራል።

ምስጋናውን አንነፍግም። ብልሃቱ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በአሠራሩ ነው። የግራፋይት ኦክሳይዱ ቅጠሎች ኦክሲጅናቸው የተቀነሰው ፖሊስታይሪኑ አብሮ በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ፖሊመሩ በየመካከላቸው ገብቶ መልሰው እንዳይጣበቁ ከለከላቸው።

የምንነቅፈው ይህ መነሻ እንደ መድረሻ መቆጠሩን ነው። መንገድ መከፈቱ አንድ ነገር፥ በመንገዱ የሚያልፈው ብዛት ሌላ ነገር ነው። ግራፊኑ ከመቶ 1 ሲደርስ አስተላላፊነቱ በሜትር 0.1 ሲመንስ ገደማ ሆነ፤ የመዳብ ግን ወደ 58 ሚሊዮን ይጠጋል። ደራሲዎቹ ይህ ለብዙ የኤሌክትሪክ ሥራ ይበቃል ማለታቸው፥ በፍትጊያ የሚጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ለማስወገድ ከሆነ እውነት ነው፤ ለሽቦ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ምክንያቱም ቅጠሎቹን እንዳይጣበቁ የጠበቀው ያው ፖሊመር፥ ኤሌክትሮኑ ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲሻገር ይከለክለዋል። መነሻውን ዝቅ የማድረጉ እሽቅድምድም ይህን ችግር አይነካውም።

ደግሞ ኦክሲጅን መቀነሻው ዲሜቲልሃይድራዚን ብርቱ መርዝ ነው፤ ሙከራውን ልንደግም ለምናስብ ተማሪዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።