ይቅርታውን የጻፈው ማን ነው? ስለ ቶልስቶይና ስለ ሴት ገጸ ባሕርያቱ

አንድ ደራሲ የራሱን የፍቅር ሕይወት ለድርሰቱ መነሻ ሲያደርግ፣ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው «ታሪኩ እውነት ነውን?» ብሎ ብቻ አይደለም። በዚያ ሕይወት ውስጥ የነበረችው ሴት በድርሰቱ የራሷ ኅሊና ያላት ሰው ናትን? ወይስ ደራሲው ራሱን የሚያይባት መስተዋት? ይህን ጥያቄ በሌዮ ቶልስቶይ ሥራዎች ላይ እናነሣለን።

ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1862 የ18 ዓመቷን ሶፊያ ቤርስን ሲያገባ 34 ዓመቱ ነበር። ከሠርጉ በፊት የግል ማስታወሻ ደብተሮቹን አስነበባት። በነዚያ ደብተሮች ያለፉ ዝሙቶቹ፣ በርስቱ በያስናያ ፖልያና ከአንዲት ባለትዳር ገበሬ ጋር የነበረው ግንኙነት ሳይቀር፣ ሰፍረው ነበር። ይኸው ድርጊት በ1878 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «አና ካሬኒና» ውስጥ ይገኛል። ሌቪን ደብተሩን ለእጮኛው ለኪቲ ይሰጣል፤ ኪቲ ታለቅሳለች፤ በጥቂት መስመሮች ውስጥም ይቅር ትለዋለች። ትረካው ወዲያው ወደ ሌቪን ስሜት ይመለሳል። ሶፊያ ግን ቁስሉ እንዳልሻረላት በራሷ ማስታወሻ ደጋግማ ጽፋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ በልብ ወለዱ ይቅርታውን የጻፈው ይቅርታ ፈላጊው ራሱ ነው።

ይህን ስንል ቶልስቶይ የሴትን ልብ ማየት ተስኖታል ማለታችን አይደለም። የአናን የመጨረሻ ሰዓታት ከራሷ ሐሳብ ውስጥ ሆኖ የተረከ ደራሲ ነውና። ችሎታው የሚከዳው ጉዳዩ ወደ ራሱ ትዳር ሲቀርብ ነው። በ1889 በተጠናቀቀው «ክሮይትዘር ሶናታ» ሚስቱን በቅናት የገደለ ባል በባቡር ውስጥ ታሪኩን ይናገራል፤ ሟቿን የምናውቃት በገዳይዋ አንደበት ብቻ ነው። ሳንሱር ያገደውን ይህን ሥራ፣ በ1891 ዛር አሌክሳንደር ሦስተኛ ፊት ቀርባ በቶልስቶይ ሥራዎች ስብስብ ውስጥ እንዲታተም ያስፈቀደችው ሶፊያ ናት። ይህም ሆኖ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል የራሷን ልብ ወለድ ጽፋ፣ በባሏ እጅ የምትሞት ሴትን ታሪክ ከሚስቲቱ ወገን ተርካለች። ድርሰቱ ለኅትመት የበቃው በ1994፣ እርሷ ከሞተች ከ75 ዓመት በኋላ ነው።

ሥራው ከደራሲው ሕይወት ተለይቶ ይመዘን የሚሉ ወገኖች አሉ። የመኝታ ቤት ዳኝነት የሐያሲ ተግባር እንዳልሆነ እኛም እናምናለን። ይሁን እንጂ የጠቀስነው ጉድለት ከገጹ ላይ የሚነበብ ነው፦ የኪቲ ኀዘን አጥሯል፤ የሟቿ ድምፅ ጠፍቷል። ስለዚህ «ክሮይትዘር ሶናታ»ን የሚያስተምር ሁሉ የሶፊያን ድርሰት ጎን ለጎን ቢያስነብብ፣ የቶልስቶይን ታላቅነት አይቀንስም፤ ክርክሩን ግን የሁለት ሰዎች ያደርገዋል።